ሲያስገባ ነው ወይስ ሲያስወጣ?

ቶንፒንግ የጁባ አውሮፕላን ማረፊያ ጎረቤት ነው። አውሮፕላን በተነሳ ቁጥር ጨዋታ ይቋረጣል፤ ቡና የምትቀዳው ልጅ እንኳ ጀበናውን አዘንብላ እንደያዘች ድምፁ እስኪያልፍ ትጠብቃለች። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ አንዲት ኢትዮጵያዊት እዚያ ሰፈር በከፈተቻት ትንሽ ቡና ቤት በረንዳ ላይ ከአንድ የሕፃናት ሐኪም ወዳጄ ጋር ተቀምጠን ነበር። አውሮፕላኑ አልፎ ጸጥ ሲል ሌላ ድምፅ ቀረ። ቀጭን ነው፤ ከትንፋሽ ጋር ይመጣል፣ ከትንፋሽ ጋር ይሄዳል፤ ሊፈላ የተቃረበ ማንቆርቆሪያ ይመስላል። የጎረቤት ጄነሬተር መስሎኝ ዞር ስል ከባለቤቲቱ ጀርባ የታዘለ የዘጠኝ ወር ሕፃን አየሁ። እንቅልፍ ወስዶታል። አንገቱን ወደ ኋላ ቀልብሶ፣ አገጩን ወደ ሰማይ አቅንቶ ነው የተኛው።

ወዳጄ ሲኒውን አስቀመጠ።

“እህቴ፣ እንዲህ የሚያደርገው ከመቼ ጀምሮ ነው?”

“ከተወለደ ጀምሮ ነው ዶክተር። አስም ነው አሉኝ።”

ከጓዳ አንድ ፌስታል ይዛ ወጣች። ውስጡ ያለቁ የሽሮፕ ጠርሙሶች፣ ሦስት ዓይነት አንቲባዮቲክ፣ አንድ ሰማያዊ ኢንሄለርና አፉን ለማስገባት ቂጡ የተቆረጠ የውኃ ፕላስቲክ ነበረ። ተጠቅልሎ የታሰረ የደረት ራጅም አለ። የልጁን ድምፅ ሁሉም የየራሱን ፈትቶለታል። አንዱ የጁባ አቧራ ነው ብሏል፤ ሌላው የጄነሬተር ጭስ፤ ሦስተኛው ብርድ። አጠገባችን የተቀመጡት እትዬ ደግሞ “እንጥሉ ወርዶ ነው፤ ብታስቆርጪው ይሻለው ነበር” አሉ፤ በክፋት ሳይሆን ከልባቸው አዝነው። ራጁን ያነሱት ሰዎች ሳንባው ንጹሕ ነው ብለው መልሰዋታል።

ሐኪሙ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀ፦ “የሚያፏጨው ሲያስገባ ነው ወይስ ሲያስወጣ?”

እናትየው ዝም አለች። ዘጠኝ ወር ሙሉ ከአንዱ ክሊኒክ ወደ ሌላው ስትመላለስ ይህን የጠየቃት አልነበረም። መልሱ ግን በእጇ ነበር። ደሴ ላሉት እናቷ ለማሳየት ልጁ ሲተኛ፣ ሲጠባና ሲያለቅስ በስልኳ ቀርጻዋለች። ቪዲዮውን ከፍተው ስልኩን በሁለቱ መካከል አድርገው ደረቱ ከፍ ሲልና ዝቅ ሲል እያዩ አዳመጡ። ሁለት ጊዜ፤ ሦስት ጊዜ።

“በሁለቱም ነው ዶክተር” አለች ቀስ ብላ።

ይህች መልስ ስለ ምን እንደምትናገር ለመረዳት ቧንቧውን ማወቅ ያስፈልጋል። ሐኪሞች ትራኪያ የሚሉት የአየር ቧንቧ በአዋቂ ሰው ከ10 እስከ 12 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል። ከማንቁርት ሥር ተነስቶ ደረት ውስጥ ለሁለቱ ሳንባዎች ይከፈላል። ክፍት ሆኖ የሚቆመው ከ16 እስከ 20 በሚደርሱ የልም አጥንት ቀለበቶች ነው። ቀለበት ይባሉ እንጂ ሙሉ አይደሉም፤ አፉ ክፍት የሆነ አምባር ናቸው። ክፍቱ ጎን ወደ ኋላ፣ ወደ ምግብ ቧንቧው ዞሯል፤ በዚያ በኩል ያለው ሥጋ ለስላሳ ነው። ትልቅ ጉርሻ ስንውጥ ምግቡ የሚያልፍበትን ቦታ የሚለቅለት ይኸው ለስላሳ ግድግዳ ነው።

የሕፃን ቧንቧ ግን ሌላ ነገር ነው። አዲስ የተወለደ ልጅ ቧንቧ ርዝመቱ 4 ሴንቲ ሜትር፣ ውስጡ ደግሞ 4 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ከጁስ ስትሮ አይበልጥም። አየር በጠባብ ቧንቧ ሲያልፍ የሚገጥመው እንቅፋት ከቧንቧው ጥበት ጋር እኩል አይጨምርም፤ በአራት ደረጃ ተባዝቶ ይጨምራል። አንድ ሚሊ ሜትር እብጠት የአዋቂን ቧንቧ ዙሪያውን ቢያጠብበው እንቅፋቱ ወደ 1.6 እጥፍ ያድጋል፤ ሰውየው ላያውቀውም ይችላል። ያው አንድ ሚሊ ሜትር በሕፃኑ ላይ 16 እጥፍ ነው። ለዚህ ነው ትንሽ ጉንፋን የያዘው ሕፃን ቧንቧው ከጅምሩ ጠባብ ከሆነ በአንድ ሌሊት ትንፋሽ የሚያጥረው።

አሁን ወደ ጥያቄው እንመለስ። ወፍራም የአቮካዶ ጁስ በቀጭን ስትሮ አጥብቆ የሳበ ሰው ስትሮው ሲጣበቅ አይቷል። አየር ስናስገባም አንገት ላይ ያለው የቧንቧ ክፍል ወደ ውስጥ ይሳባል። ስለዚህ ጥበቱ ማንቁርት ወይም አንገት አካባቢ ሲሆን ድምፁ የሚበረታው ሲያስገቡ ነው። ደረት ውስጥ ያለው ክፍል የተገላቢጦሽ ነው፤ ስናስወጣ ደረቱ ይጨምቀዋል፤ እዚያ ያለ ጥበት ሲያስወጡ ይሰማል። ጥበቱ የማይለጠጥና የማይጨመቅ፣ ዙሪያውን የታነቀ ሲሆን ደግሞ ሲገባም ሲወጣም ይጮኻል። አስም በአብዛኛው ሲያስወጡ የሚሰማ፣ በብዙ ቀጫጭን ቱቦዎች የሚወጣ ሲር ሲር ነው። መጥቶ ይሄዳል፤ ቀን ይሰጣል። ከተወለደ ጀምሮ ያልተለየ፣ በአንድ ቅኝት የሚያፏጭ ትንፋሽ አስም ነው ከመባሉ በፊት ሌላ ጥያቄ ይገባዋል።

ሰማያዊው ኢንሄለር የማይሠራውም ለዚሁ ነው። መድኃኒቱ በሳንባ ውስጥ ያሉትን ትናንሽ ቱቦዎች የሚያጠብበውን ጡንቻ ያላላል። ዋናው ቧንቧ ልም አጥንቱ ላልቶ የሚከደንበት ልጅ ላይ ግን የኋለኛውን ግድግዳ ይበልጥ ሊያላላውና ሕመሙን ሊያባብሰው ይችላል። እናት መድኃኒቱን በሰጠች ቁጥር ልጇ ሲብስበት አይታ ብትናገር ብዙ ጊዜ “አሰጣጥሽ ልክ አይደለም” ይሏታል። ይህን ስጽፍ እናዳለሁ። ያየችውን በትክክል ነበር የተናገረችው።

ወዳጄ ራጁን ፈትቶ ወደ ሰማዩ ብርሃን አንስቶ ያዘው። ሁሉም ሰው ያየው ሁለቱን ሳንባዎች ነው። እሱ ግን መሃል ላይ የሚወርደውን ጥቁር ሰንበር በጣቱ ተከተለው፤ ያ ሰንበር በቧንቧው ውስጥ ያለው አየር ነው። ከልብ የሚወጣው ትልቁ ደም ቅዳ፣ አኦርታ፣ በግራ በኩል ታጥፎ ስለሚወርድ ቧንቧውን ወደ ቀኝ ገፋ ያደርገዋል። የዚህ ልጅ ግን መሃል ለመሃል ወርዶ አንድ ቦታ ላይ ከቀኝም ከግራም ቆንጠጥ ብሏል። ሐኪሙ እስክሪብቶ ለምኖ በደረሰኝ ጀርባ ላይ ሣለልን፦ ቧንቧው፣ ከኋላው የምግብ ቧንቧው፣ ሁለቱንም ዙሪያቸውን የያዘ አንድ ቀለበት። “ምግብ ስትጀምሪለት ምን ሆነ?” አላት። ጡት ያለ ችግር ይወስድ ነበር፤ ገንፎ ስታቀምሰው ግን ያንቀዋል፣ ይመልሰዋል። እሷ ምግብ የሚጠላ ልጅ መስሏት ነበር።

ልጅ በማሕፀን ሳለ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከልብ የሚወጡት ቅስቶች በግራም በቀኝም ጥንድ ጥንድ ናቸው። ኋላ የቀኙ ከስሞ የግራው ብቻ አኦርታ ሆኖ ይቀራል። አልፎ አልፎ የቀኙ ሳይከስም ይቀርና ሁለቱ ቅስቶች ከፊትና ከኋላ ተገናኝተው ቧንቧዎቹን ያንቃሉ። የደም ሥር ቀለበት ይባላል። ቧንቧው ራሱ ጤነኛ ነው፤ ያነቀው ጎረቤቱ ነው። ሮበርት ግሮስ የተባሉት የቦስተን ቀዶ ሐኪም ይህን ቀለበት እ.ኤ.አ. በ1945 ለመጀመሪያ ጊዜ ቆርጠው ለቀዋል። ሕፃኑ አንገቱን ቀልብሶ የሚተኛውም ያለ ምክንያት አይደለም፤ እንዲያ ሲያደርግ ቧንቧው ይወጠርና በመጠኑ ይከፈትለታል። ማንም ሳያስተምረው ያገኘው መድኃኒት ነው።

እዚህ ላይ የእትዬን ምክር ሳልነካ ማለፍ አልችልም። እንጥል ማስቆረጥ በአገራችን ረጅም ዕድሜ ያለው ልማድ ነው፤ ልጅ ሲያስለው፣ ሲያንቀው፣ ጡት እምቢ ሲል ወደ ቆራጭ ይወሰዳል። እንጥል ግን ከላንቃ ጀርባ የተንጠለጠለች ሥጋ ናት፤ ቧንቧው የታነቀው ከእሷ ብዙ ዝቅ ብሎ ደረት ውስጥ ነው። መቁረጡ ደም ያፈሳል፣ ቁስሉ ይመረቅዛል፣ ከሁሉ በላይ ግን ጊዜ ይበላል። ለአራስ ቅቤ የማላስ ልማድም እንዲሁ። የምግብ ቧንቧው ተዘግቶ ከአየር ቧንቧው ጋር በቀዳዳ የተያያዘ ሆኖ የሚወለድ ሕፃን አለ፤ ከ2,500 እስከ 4,500 ከሚደርሱ ልደቶች በአንዱ ያጋጥማል። ምልክቱ ግልጽ ነው፤ ምራቁ አረፋ እየሆነ ከአፉ ይፈስሳል፤ የመጀመሪያውን ጡት ሲቀምስ ያንቀዋል፣ ይጠቁራል። ማረጋገጫውም ውድ ማሽን አይጠይቅም፦ ቀጭን ቱቦ በአፍ ሲገባ ጨጓራ ሳይደርስ ተጠምዝዞ ይመለሳል፤ ያንን አንድ ራጅ ያሳያል። እንዲህ ያለው ልጅ የሚልሰው ቅቤ ወደ ሳንባው ነው የሚሄደው። እ.ኤ.አ. በ1941 ካሜሮን ሄይት ሚሺጋን ውስጥ ይህን ጉድለት በአንድ ቀዶ ሕክምና ጠግነው ሕፃኗን እስካዳኑበት ቀን ድረስ በዚህ መልክ የተወለደ ሁሉ ማለት ይቻላል ሞት ይጠብቀው ነበር።

ሌሎቹ ጉድለቶች የበለጠ ይደበቃሉ። አምባሩ አፉ ሳይከፈት ሙሉ ቀለበት ሆኖ የሚፈጠርበት ልጅ አለ፤ ቧንቧው ጠባብና ግትር ይሆናል። ከዋናው ቧንቧ በቀጥታ ትርፍ ቅርንጫፍ የሚወጣላቸው ሰዎችም አሉ፤ ብዙዎቹ ሳያውቁት ኖረው ሳያውቁት ያልፋሉ፤ የሚታወቀው አንዳንዴ ለቀዶ ሕክምና ቱቦ ሲገባላቸው ነው። ፈረንሳዊው ሙኒዬ ኩን እ.ኤ.አ. በ1932 የገለጹት ደግሞ የተገላቢጦሹን ነው፦ ከመጠን በላይ የሰፋ ቧንቧ። ስፋቱ በወንድ ከ25 ሚሊ ሜትር ያልፋል፤ አክታ ማስወጣት ያቅተዋል፤ ሰውየው ዕድሜውን ሙሉ ሲያስለው ይኖራል። ሳል የረዘመበት ሰው ሁሉ በቲቢ በሚጠረጠርበት በእኛ አካባቢ እንዲህ ያለው በሽተኛ ደጋግሞ የቲቢ መድኃኒት ቢጀመርለት አይገርምም።

ከሁሉ አስቸጋሪው ግን የላላው ቧንቧ ነው። ቆሞ ሲታይ ጤነኛ ነው፤ የሚከደነው ሲተነፍስ ብቻ ነው። ልጁ አየር አስገብቶ ባለበት ቅጽበት የተነሳ ሲቲ ስካን ምንም አያሳይም። በቀጭን ካሜራ የሚደረገው ምርመራ፣ ብሮንኮስኮፒ፣ የሚያየውም ልጁ በራሱ ሲተነፍስ ከሆነ ነው፤ የሰመመን ባለሙያው ጡንቻን የሚያዝል መድኃኒት ሰጥቶ በማሽን ካስተነፈሰው የማሽኑ ግፊት ቧንቧውን ነፍቶ ጉድለቱን ይሸፍነዋል። ስለዚህ ሐኪሙና የሰመመን ባለሙያው ከመጀመራቸው በፊት ተነጋግረው፣ ልጁን ተኝቶ ግን እየተነፈሰ ማቆየት አለባቸው። ልጁ ሲያስወጣ የኋለኛው ግድግዳ ወደ ፊት እየመጣ ክብ የነበረውን ቀዳዳ ወደ ጨረቃ፣ ከጨረቃም ወደ ስንጥቅ ሲለውጠው በስክሪኑ ላይ ይታያል።

ይህ ካሜራ ረጅም መንገድ መጥቷል። ጉስታቭ ኪሊያን የተባሉት ጀርመናዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1897 ከአንድ ገበሬ የሳንባ ቱቦ ውስጥ አጥንት ያወጡት በግትር የብረት ቱቦ ነበር። ጃፓናዊው ሺገቶ ኢኬዳ የሚተጣጠፈውን ያስተዋወቁት እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አጋማሽ ነው። በኢትዮጵያ ደግሞ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የሳንባና የጽኑ ሕክምና ሰብ ስፔሻሊስቶችን ማሠልጠን የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። ከዚያ በፊት በዚህ ዘርፍ መሠልጠን የፈለገ ሐኪም ወደ ውጭ መሄድ ነበረበት። በዚያው ግቢ ያለው የሕፃናት የልብ ሕክምና ማዕከል ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። ዕድሜያቸው ገና አጭር ነው፤ የሚሸከሙት ሕዝብ ግን ድንበር አይገታውም፣ ከጁባም ይመጣል።

ከፍ ያለ ልጅና አዋቂ ላይ ከካሜራው የቀደመ፣ ርካሽ የሆነ መሣሪያ አለ፦ በኃይል ተነፍቶ የትንፋሹን ፍጥነት በመስመር የሚሥለው ስፓይሮሜትሪ። የጤነኛ ሰው ሥዕል ሹል ጫፍ ያለው ተራራ ነው። የአስም በሽተኛው ጫፍ አለው፤ ቁልቁለቱ ግን ወደ ውስጥ ጎድጉዷል። ዋናው ቧንቧ የታነቀበት ሰው ግን የሚሥለው አምባ ነው፤ ልክ እንደ ደብረ ዳሞ አናቱ ጠፍጣፋ፣ ሲያስገባም ሲያስወጣም። ችግሩ ወረቀቱ ላይ ያሉት ቁጥሮች ብቻ ተነበው ሥዕሉ ሳይታይ ፋይል ውስጥ መግባቱ ነው። ቧንቧ ደግሞ ቶሎ አይናገርም። አዋቂ ሰው ሲሠራና ደረጃ ሲወጣ ትንፋሽ የሚያጥረው ቀዳዳው ወደ 8 ሚሊ ሜትር ሲወርድ ነው፤ ተቀምጦ ሲያፏጭ 5 ሚሊ ሜትር ደርሷል። ያኔ የቀረው ጥቂት ነው።

በአዋቂዎች ላይ ከተፈጥሮ ጉድለት ይልቅ በኋላ የሚመጣው ይበዛል። በጽኑ ሕክምና ክፍል ቱቦ ገብቶለት በማሽን የተነፈሰ ሰው፣ ቱቦውን የሚይዘው ፊኛ ግድግዳውን አስጨንቆ ካቆሰለው፣ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ጠባሳው ቧንቧውን ያጠብበዋል። ከሞት ተርፎ የወጣ ሰው “አስም ያዘኝ” ብሎ ሲመጣ የመጀመሪያው ጥያቄ ማሽን ላይ ነበርክ ወይ መሆን አለበት። ወደ ደረት የወረደ እንቅርትም ቧንቧን ከጎን ሲገፋ ይኖራል።

ቶሎ መለየት ለምን ይህን ያህል ያስጨንቀኛል? ለአየር ቧንቧ መደርደሪያ ላይ የሚገኝ መለዋወጫ የለም። ይህን በሕይወቱ ከፍሎ ያሳየን ከእኛው አካባቢ የሄደ ሰው ነው። አንደማርያም ተክለሰንበት በየነ፣ አይስላንድ ውስጥ የሚማር የኤርትራ ተወላጅ፣ ቧንቧው ውስጥ እጢ በቀለበት። ፓኦሎ ማኪያሪኒ የተባለው ቀዶ ሐኪም እ.ኤ.አ. በሰኔ 2011 ስቶክሆልም በሚገኘው ካሮሊንስካ ሆስፒታል በበሽተኛው በራሱ ግንደ ሕዋሳት የተለበጠ የፕላስቲክ ቧንቧ ተከለለት። ዓለም አጨበጨበ። አንደማርያም እ.ኤ.አ. በጥር 2014 አረፈ። የስዊድን ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በሰኔ 2023 ሐኪሙን በሦስት በሽተኞች ላይ በፈጸመው ከባድ የአካል ጉዳት ጥፋተኛ ብሎ የሁለት ዓመት ከስድስት ወር እስራት ፈረደበት፤ ከሦስቱ አንዱ አንደማርያም ነው። ስኬት ተብሎ ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣው ጽሑፍም አስቀድሞ እ.ኤ.አ. በ2018 ተሰርዟል።

የሚሠራው መንገድ የራስን ቧንቧ መጠገን ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 ለንደን ውስጥ በተጀመረው ዘዴ ጠባቡ ክፍል መሃል ለመሃል ይቆረጣል፤ የላይኛው በአንድ ጎን፣ የታችኛው በሌላው ጎን ተሰንጥቆ አንዱ በሌላው ላይ ይንሸራተትና ይሰፋል። ቧንቧው ያጥራል፤ ዙሪያው ግን እጥፍ ይሆናል። ይህን የሚያስችለው ጥበቱ የት ጀምሮ የት እንደሚያበቃ አስቀድሞ በትክክል መታወቁ ነው።

እናትየው ከዚያ ቀን በኋላ ሁለት ሳምንት ገንዘብ ስታሰባስብ ቆየች፤ ሰፈሩ አዋጣላት፤ እትዬም ሰጡ። ከጁባ አዲስ አበባ በአውሮፕላን ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። ስልኳን ከነቪዲዮው ይዛ ሄደች። መጀመሪያ ባሪየም አጠጥተው ባነሱት ራጅ የምግብ ቧንቧው ከሁለት ጎን ተቆንጥጦ ታየ፤ በደም ሥር በሚሰጥ መድኃኒት የተነሳው ሲቲ ስካን ቀለበቱን ከነሙሉ ቅርጹ አወጣው፤ ሐኪሙ በደረሰኙ ጀርባ የሣለው ነበር። በጎን በኩል ደረቱ ተከፍቶ አነስተኛው ቅስት ታስሮ ተቆረጠ።

ስትደውል የመጀመሪያ ቃሏ “ድምፁ አልጠፋም” የሚል ነበር፤ ፈርታለች። ወዳጄ እንደሚጠበቅ ነገራት፦ ለወራት ታንቆ የኖረ ልም አጥንት ማነቂያው ሲወልቅለት ወዲያው አይጠነክርም፤ ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይወስዳል። ገንፎው ግን በዚያው ሳምንት ወርዷል።

እናንት እናቶችና አባቶች፣ ልጃችሁ ከተወለደ ጀምሮ የሚያፏጭ ከሆነ፣ ሲበላ የሚያንቀው ከሆነ፣ አንገቱን ቀልብሶ ካልሆነ እንቅልፍ የማይወስደው ከሆነ፣ አስም ተብሎም መድኃኒቱ ካልሠራለት፣ ዛሬ ማታ ልብሱን ገልጣችሁ ደረቱ እንዲታይ፣ ድምፁም እንዲሰማ አድርጋችሁ አንድ ደቂቃ ቅረጹት። ሲጠባም ሲያለቅስም ቅረጹ። ነገ ሐኪም ፊት ስትቀርቡ ከፌስታሉ በፊት ስልኩን አውጡ። ሕፃኑ ከንፈሩ ከጠቆረ ወይም ትንፋሹ ከተቋረጠ ግን ቀረጻ አያስፈልግም፤ ወደ ቅርቡ ሆስፒታል ሩጡ።